ስልካችሁ የተጠለፈ ሲመስላችሁ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ

ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሪያድ ያለችው ታላቅ እህቴ ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመችም። «እማዬ ምን ሆነች?» አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። እማዬ ደግሞ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ምንም አልሆነችም። ምነው?»

«አሁን በቴሌግራም የጻፍሽልኝስ?»

እኔ ምንም አልጻፍኩም። እህቴ የደረሳትን አነበበችልኝ። «ሰላም እህቴ። እናታችን ታማ ሆስፒታል ገብታለች። ለማስያዣ 40 ሺህ ብር በአስቸኳይ ይፈለጋል። ኔትወርክ ስለሌለ መደወል አልችልም። በዚህ አካውንት ላኪልኝ።» ከሥሩ የማላውቀው የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለ።

እህቴን ያዳናት አጠራሩ ነው። እኔ እሷን «እህቴ» ብያት አላውቅም። እታለም ነው የምላት። እናታችንንም በመካከላችን «እናታችን» አንልም። እማዬ ናት። መልእክቱን ስታነብ ክው ብላ ደንግጣለች፤ ግን የሆነ ነገር አልጥማት አለ። ስለዚህ ብሩን ከመላኳ በፊት በቀጥታ ስልክ ደወለች።

ይህን የምጽፈው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ጠዋት ትልቅ ስህተት ስለሠራሁ ነው። የዳንኩት በአጋጣሚ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው ያንኑ ስህተት ሲደግም አይቻለሁ።

ስልኩን እንደዘጋሁ መጀመሪያ ያሰብኩት «ስልኬ ሃክ ተደርጓል» ብዬ ነው። ወር ያህል ባትሪው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ነበር። ይግላል። አንዳንዴም ዝም ብሎ ጥፍት ይላል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ሰው ስልኬ ውስጥ ገብቶ ወር ሙሉ ሲሰልለኝ ከርሟል አልኩ። የጎረቤታችን ልጅ «*#21# ደውዪ፣ የተጠለፈ ከሆነ ያሳይሻል» አለኝ። ደወልኩ። ምንም የለም አለ። ያ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ፤ በጣም የተራቀቀ ሌባ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ መገናኛ ሮጥኩ። አንድ ስልክ ጠጋኝ ቤት እስካሁን አልዘጋም ነበር። ልጁ ስልኩን ገልበጥበጥ አድርጎ አየና «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» አለ። እኔም ቶሎ በል አልኩት። ፎቶዎቼን ወደ ሜሞሪ ካርድ ገለበጠልኝ። የቀረውን በሙሉ አጠፋው። አዲስ ስልክ የያዝኩ ያህል ቀለለኝና ቤቴ ገባሁ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ቴሌግራምን እንደገና ጫንኩ። ቁጥሬን አስገባሁ፣ ኮድ መጣ፣ ገባሁ። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚል ቦታ አለ። በአካውንታችሁ የገቡትን መሣሪያዎች በሙሉ ይዘረዝራል። ሦስት አየሁ። አንዱ አሁን የገባሁበት ስልኬ። አንዱ የቢሮዬ ኮምፒውተር። ሦስተኛው የማላውቀው ስልክ ነው። «ኦንላይን» ይላል። ያን ጊዜም ውስጥ ተቀምጦ መልእክቶቼን እያነበበ ነበር።

ላስወጣው ስሞክር ቴሌግራም እምቢ አለኝ። አዲስ የገባ መሣሪያ 24 ሰዓት ሳይሞላው ሌሎችን ማስወጣት አይችልም።

ይህን ደንብ እባካችሁ ልብ በሉት። የተሠራው እኛን ለመጠበቅ ነው። ሌባ ገብቶ ወዲያውኑ ባለቤቱን እንዳያባርር ነው። እኔ ግን ስልኬን ፎርማት ሳስደርግ የባለቤትነት ማስረጃዬን አብሬ አጠፋሁ። ለሦስት ዓመት የቆየ መግቢያ ነበረኝ። ያ መግቢያ በእጄ እያለ አንድ ጊዜ ብቻ ብነካው ሌባው ይወጣ ነበር። ከፎርማቱ በኋላ በቴሌግራም ዓይን እኔ ማታ 3 ሰዓት ላይ የመጣሁ እንግዳ ሆንኩ። እሱ ደግሞ ከእኔ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነው የገባው። በማግስቱ 9 ሰዓት ሲሞላ እሱ 24 ሰዓቱን ይጨርሳል። የእኔ የሚሞላው ማታ 3 ሰዓት ነው። በመካከል ስድስት ሰዓት አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እኔን አውጥቶ መዝጋት ይችላል።

የቀረኝ የቢሮው ኮምፒውተር ብቻ ነበር። እሱ ላይ ከገባሁ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ግን ቢሮው ተዘግቷል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም። ለሚመጣልኝ ሰው ሁሉ ደወልኩ። «በቴሌግራም ብር ብጠይቅህ እኔ አይደለሁም» እያልኩ። ከ600 በላይ ሰው አለኝ፤ ስንቱን ላዳርስ? አምሽተው የተኙ ዘመዶቼን ቀሰቀስኩ። እማዬም አብራኝ ቁጭ ብላ አደረች።

ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ በር ላይ ደረስኩ። ጥበቃችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት፣ እንዳዩኝ ከወንበራቸው ተነሱ። «ልጄ፣ እናትሽ እንዴት አደሩ? ብሩስ ደረሰሽ?» አሉኝ።

3 ሺህ ብር ልከዋል። ማታ ልጃቸውን አስልከው። «አንቺ ተቸግረሽ እንዴት ዝም ልበል» አሉኝ። የደመወዛቸውን ልክ አውቃለሁ፤ ሂሳቡን የምሠራው እኔ ነኝ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ዲቫይስስ የሚለውን ገጽ መጀመሪያ በጓደኛዬ ስልክ ፎቶ አነሳነው። የመሣሪያው ዓይነት፣ የገባበት ሰዓት፣ አገሩ ሁሉ ይታያል። ከዚያ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» የሚለውን ነካሁት። ሌባው ወጣ። የራሴ ስልክም አብሮ ወጣ፤ እሱን ቆይቼ በኮድ መለስኩት። ሰዓቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። ቀጥዬ «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ከፍቼ የይለፍ ቃል አስቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ ማንም የኮድ ቁጥሬን ቢያገኝ እንኳ ያን የይለፍ ቃል ሳያውቅ አይገባም። ለመጠባበቂያ የራሴን ኢሜይል አስገባሁ።

ከጋሼ ጋር ባንክ ሄድን። ገንዘቡ ሌሊቱን ወጥቷል። ማመልከቻ ጽፈን፣ ደረሰኙን አያይዘን ገባን፤ ፖሊስ ጣቢያም አመለከትን። ብሩ አልተመለሰም። ለጋሼ ደመወዝ ስቀበል ከፈልኳቸው። አልቀበልም ብለው ብዙ አስቸገሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሌባው እንዴት ገባ?

ስልኬ ተጠልፎ አያውቅም። ቫይረስም አልነበረበትም። ባትሪው አርጅቶ ነበር፤ ባትሪ ስቀይር መጋሉም መጥፋቱም ቀረ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ከሰዓት የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዬ በቴሌግራም «የእህቴ ልጅ የስዕል ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ» ብላ ሊንክ ላከችልኝ። ከፈትኩት። የሕፃናት ስዕሎች አሉበት። ለመምረጥ ስልክ ቁጥር አስገቢ አለኝ። አስገባሁ። «ድምፅሽን ለማረጋገጥ በቴሌግራም የደረሰሽን ኮድ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። ያ አምስት አሃዝ ኮድ የአካውንቴ ቁልፍ ነበር። ከሥሩ «ይህን ኮድ ለማንም እንዳትሰጡ» ይላል። የወር መጨረሻ ሂሳብ እየዘጋሁ ስለነበር ቁጥሩን ብቻ ነው ያየሁት። ወዲያው ቴሌግራም «በአዲስ መሣሪያ ተገብቷል» ብሎ ጽፎልኛል። እሱንም በማግስቱ ነው ያነበብኩት።

ሊንኩን የላከችውም ጓደኛዬ አልነበረችም። እሷም በዚያው መንገድ ተይዛ ነበር።

እንግዲህ ስልካችሁ ተጠልፎ የመሰላችሁ ጊዜ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ። የተያዘው ስልኩ ነው ወይስ አካውንቱ? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። መድኃኒታቸውም ይለያያል። እኔ ከሰማኋቸው ታሪኮች አብዛኞቹ እንደ እኔው አካውንት የተወሰደባቸው ናቸው። ያልጻፋችሁት መልእክት ከተላከ፣ ያላነበባችሁት መልእክት ተነቦ ካገኛችሁ፣ ያልጠየቃችሁት ኮድ ከመጣ፣ ያ ትልቅ ምልክት ነው። መጋልና ባትሪ ማለቅ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። *#21# የተባለውም የመጠለፍ መመርመሪያ አይደለም። ጥሪያችሁ ወደ ሌላ ቁጥር እንዲዞር ተደርጎ እንደሆነ ነው የሚያሳየው። የማታውቁት ቁጥር እዚያ ካያችሁ ##002# ብላችሁ ሁሉንም ማጥፋት ትችላላችሁ። ምንም ካላሳየ ደግሞ ሰላም ነን ብላችሁ አትተኙ።

አካውንት ከሆነ ፎርማት አታድርጉ። ከአፑም አትውጡ። ቀድሞ ገብቶ የቆየ ስልካችሁና ኮምፒውተራችሁ የእናንተ ጉልበት ናቸው። ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ፣ ዋትስአፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ»፣ ጉግል ላይ ደግሞ አካውንታችሁን ከፍታችሁ ሴኩሪቲ ውስጥ «ዩር ዲቫይስስ» የሚለውን እዩ። የማታውቁትን ፎቶ አንሱና አስወጡ። ዋትስአፕ ሙሉ በሙሉ ተነጥቃችሁ ከሆነ በራሳችሁ ቁጥር እንደገና ግቡ። በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ስድስት አሃዝ ኮድ ስታስገቡ ሌባው በዚያው ይወጣል። ሌባው የራሱን ፒን አስቀምጦ ከሆነ እናንተ ለመግባት 7 ቀን መጠበቅ ይኖርባችኋል። እሱ ግን ያን ጊዜም ወጥቷል፤ ተስፋ አትቁረጡ።

ገንዘብን በሚመለከት እንደ እኔ አትዘግዩ። በሌላ ሰው ስልክ ወደ ባንካችሁ ደውላችሁ የሞባይል ባንኪንጉን አሳግዱ። ለቴሌብር 127 ነው። ስልካችሁ ድንገት ኔትወርክ አጥቶ አልመለስ ካለ ደግሞ አንድ ሰው በስማችሁ ሲም አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994፣ ሳፋሪኮም ከሆነ 700 ላይ ወዲያው ደውሉ። እዚህ ላይ ደቂቃም ዋጋ አላት።

አንድ ያላሰብኩትን ደግሞ ልንገራችሁ። ሌባው ምን ወሰደ ብቻ ሳይሆን ምን አነበበ የሚለውን ማሰብ አለባችሁ። ቴሌግራም ላይ «ሴቭድ ሜሴጅስ» የሚባለውን እንደ መሳቢያ ነው የምጠቀምበት። በማግስቱ ከፍቼ ሳየው ደነገጥኩ። የፋይዳ መታወቂያዬ ፎቶ፣ የባንክ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ፣ የእማዬ የሕክምና ወረቀት፣ እንዳልረሳው ብዬ የጻፍኩት የሞባይል ባንኪንግ ፒን፣ የኢሜይሌ የይለፍ ቃል። ሌባው ከ17 ሰዓት በላይ ውስጥ ነበር። ሁሉንም እንዳነበበው ቆጥሬ ሁሉንም ቀየርኩ። ፒኑን ባንክ ሄጄ። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ደግሞ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ፤ ምክንያቱም ሌሎቹን የይለፍ ቃሎች ለመመለስ የሚላከው መልእክት ወደ ኢሜይል ነው የሚመጣው። እስቲ አሁኑኑ የእናንተን ሴቭድ ሜሴጅስ ክፈቱና ምን እንዳለበት እዩ።

ለሰው ስትናገሩ ደግሞ በድምፅ ተናገሩ። በጽሑፍ «ተጠልፌያለሁ» ብትሉ ሌባውም ውስጥ ሆኖ «ተመልሻለሁ፣ አሁን እኔው ነኝ» ብሎ መጻፍ ይችላል።

ስልኩ ራሱ የሚያዝበትም ጊዜ አለ። ይህ ከሦስት ወር በኋላ በታናሽ ወንድሜ ደረሰ። በአንድ ግሩፕ ውስጥ «የባንካችን አዲሱ አፕ» ተብሎ ኤፒኬ ፋይል ተለቀቀ። ከፕሌይ ስቶር አይደለም፤ ፋይሉ በቀጥታ ነው የሚጫነው። ጫነው። አፑ «አክሰሰቢሊቲ» የሚባለውን ፈቃድ ጠየቀ። ሰጠው። ይህ ፈቃድ የተሠራው ማየት ለሚቸግራቸው ሰዎች ስክሪኑን እንዲያነብላቸው ነው። የያዘው አፕ ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ማየት፣ በባለቤቱ ፈንታ መንካትም ይችላል። ወንድሜ ጥርጣሬ የገባው አፑን ለማጥፋት ሲሞክር ነው። ሴቲንግ በከፈተ ቁጥር ገጹ በራሱ ይዘጋል።

በዚህ ጊዜ ልምድ ነበረን። መጀመሪያ ዳታውንና ዋይፋዩን አጠፋን። በእኔ ስልክ ባንኩ ጋ ደውሎ አካውንቱን አሳገደ። ከዚያ ስልኩን በ«ሴፍ ሞድ» አስነሳነው። ብዙ አንድሮይድ ላይ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭናችሁ «ፓወር ኦፍ» የሚለው ሲመጣ እሱኑ ጫን አድርጎ መያዝ ነው። በሴፍ ሞድ ውስጥ በኋላ የተጫኑ አፖች አይሠሩም። ስለዚህ ገጹ አልተዘጋም። አክሰሰቢሊቲውን ነጠቅነው። አፕ በቀላሉ እንዳይጠፋ የሚያደርገው «ዲቫይስ አድሚን አፕስ» የሚባለው የፈቃድ ዝርዝር ውስጥም ነበር፤ እዚያም አጠፋነው። ከዚያ አፑ እሺ ብሎ ወጣ። የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ በእኔ ስልክ ቀየረ። ፎርማት የተደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ፎርማቱ ተገቢ ነበር። አንድም ብር አልጠፋበትም።

ጠጋኝ ጋ ከሄዳችሁ የጉግልና የኢሜይል የይለፍ ቃላችሁን አትስጡ። ፓተርን ካስፈለገ አጠገቡ ቆማችሁ ራሳችሁ ክፈቱት።

በጥንቃቄ መናገር ያለብኝ ሌላም አለ። አንዳንዴ ስልካችሁን የሚያየው የቤት ሰው ነው። አንዲት ጓደኛዬ የምትጽፈውን ሁሉ ባሏ ያውቅባት ነበር። ዋትስአፗን በእሱ ላፕቶፕ ላይ አገናኝቶት ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠራችሁ፣ በተለይ ሰውየው ቁጡ ከሆነ፣ ወዲያው ከማጥፋታችሁ በፊት ስለ ራሳችሁ ደኅንነት አስቡ። እንዳወቃችሁበት ያውቃል። መጀመሪያ እሱ በማያገኘው ስልክ የምታምኑትን ሰው አማክሩ። ጓደኛዬ ታላቅ ወንድሟ ቤት ሆና ነው ያቋረጠችው።

ጋዜጠኛ ወይም በፖለቲካ ውስጥ ያላችሁ ከሆናችሁ ደግሞ የእኔ ምክር አይበቃችሁም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ባወጣቸው ዘገባዎች በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ከኩባንያዎች በተገዛ የስለላ ሶፍትዌር ኢላማ መደረጋቸውን አሳይቷል። እዚያም አብዛኛው የጀመረው ሰው አምኖ እንዲከፍተው ተደርጎ በተላከ ፋይል ወይም ሊንክ ነው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ካላችሁ ስልኩን አታጥፉት፣ ፎርማትም አታድርጉት። ማስረጃው እዚያው ላይ ነው ያለው። ለባለሙያ አስመርምሩት። አክሰስ ናው የተባለው ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች በነፃ የሚያግዝ የዲጂታል ደኅንነት መስመር አለው።

ፖሊስ ጋ መሄድን በተመለከተ «ምን ዋጋ አለው» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ብሩን አላስመለስኩም። ግን ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትንም በዚህ መንገድ ማታለልንም ወንጀል ያደርጋል። በእናንተ ስም ሰው ተታሎ ከሆነ ደግሞ ያመለከታችሁበት ወረቀት ለራሳችሁም መከላከያ ነው። መልእክቱን፣ የሂሳብ ቁጥሩን፣ የላኩትን ሰዎች ደረሰኝ፣ ሰዓቱን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ያቀረብኩት የዲቫይስስ ገጽ ፎቶ በጣም ጠቅሞኛል፤ ማታ የጻፍኩት እኔ እንዳልሆንኩ በእሱ ነው ያስረዳሁት።

ከእታለም ጋር አንድ ነገር ተስማምተናል። በጽሑፍ ስለ ገንዘብ ከተነሳ እማዬ ልጆች ሳለን ስታስተኛን የምትለንን ነገር እንጠያየቃለን። እሱን ከእኛ ሌላ የሚያውቅ የለም። ቴሌግራም ላይም ጽፈነው አናውቅም።

ጋሼ ደግሞ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ስልካቸውን ይዘው ወደ ቢሮዬ ይወጣሉ። «እስቲ ልጄ፣ እንግዳ ገብቶብኝ እንደሆነ እይልኝ» ይሉኛል። አብረን ዲቫይስስ የሚለውን እንከፍታለን። ባለፈው ሳምንት ሁለት ነበሩ፤ የእሳቸው ስልክና የልጃቸው ታብሌት።